ከዕረፍት ደወል እስከ መውጫ ደወል

የትምህርት ቤታችን ደወል የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። በግቢው መሀል ካለው የሮቃ ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ መምቻው ደግሞ ከግንዱ ጋር በገመድ የታሰረ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ የታሰረው እንዳይሰረቅ ሳይሆን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በየዕረፍቱ እየወሰዱ የሮቃ ፍሬ ስለሚያወርዱበት ነው። ቸርኬውን ጀውሃ ላይ ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች እንደሰጡ ይነገራል። እኔ ስደርስ አንድ ጎኑ ከምት ብዛት ቀለሙ ተልጦ ያበራ ነበር።

ስለ ደወሉ አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች ትንሽ ትምህርት ቤት እስካሁን ካየሁት ሁሉ ቶሎ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ነገር የመጣው ከዚሁ ቸርኬ ነው። ነገሩ እንዲገባ ግን መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ፣ ከዚያ ስለ ውሃው መናገር አለብኝ። ቅደም ተከተል የምወድ ሰው ነኝ።

ትምህርት ቤቱ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በፊቱ ከባድ መኪና የማይጠፋበት መንገድ፣ በጀርባው ደግሞ በመስኖ የሚለማ ሰፊ መስክ አለ፤ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ በቆሎ፣ ዳር ዳሩን ፓፓያ። ፊዚክስ እንዳስተምር ተመድቤ ከደጋ ስመጣ ወፍራም ጃኬቴን እንደለበስኩ ነበር። ከባጃጁ ስወርድ በሩ ላይ የቆሙ ልጆች ጃኬቱን አይተው ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ ቀረብ ብላ፣ «ቲቸር፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ።

ተማሪዎቼ ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ጥላ መከተልን ነው። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ባሉት መስኮቶች ገብታ ግማሹን ክፍል ትይዘዋለች። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ በመጣሁ በሳምንቱ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ፕላን በቀለም ሠርቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ ፕላኑን አክብረው በየቦታቸው ተቀመጡ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በምሥራቅ በኩል ያሉት ፊታቸው በላብ ርሶ፣ አንገታቸውን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ወደ ጥላው አስግገው ነበር፤ ልክ እንደ ሱፍ አበባ፣ ግን በተቃራኒው። ከኋላ የሚቀመጠው የክፍሉ ቀልደኛ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ፕላኑ ጥሩ ነው» አለ። «ፀሐይዋ ግን አላነበበችውም።»

ፕላኑን አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ማንም ሳያዘው፣ ደብተሩንና እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ይጠጋል። መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ለሁለት በተሠራ ዴስክ አራት ሆነው ተጣብቀው ይቀመጣሉ። በየክፍሉ ጥግ እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ውሃው የሚቀዘቅዘው በጆንያው ነው። ስለ ትነት ያስተማርኩት በዚያ ጀሪካን ነው። አንድ ካልኩሌተር ለአምስት ሰው ይዳረሳል፤ የሚዳረሰውም በጀርባ በኩል፣ እኔ ወደ ሰሌዳው ስዞር ነው፤ እንዳላየሁ አልፋቸዋለሁ።

በሩ ላይ «አሞዎት ነው?» ያለችኝ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ክፍሉ በሙሉ «ገብቶናል» ሲል ቆይታ፣ «እሺ፣ ግን ለምን?» የምትል እሷ ነች። እንደኔ ማብራራት ለሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ተማሪ ትልቅ በረከት ነው፤ ጓደኞቿ ግን ጥያቄዋ ከዕረፍታቸው ላይ ስለሚቀንስ፣ «አንቺ ልጅ፣ እባክሽ አስወጪን» ይሏታል። ትልቅ ወንድሟ በጅቡቲ መንገድ የሹፌር ረዳት ሆኖ ከቤት ወጥቷል፤ ታናናሾቿ ገና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ በእርሻው አባቷን የምታግዘው እሷ ነች። ቤታቸው ሩቅ ቢሆንም አታረፍድም። የደወል ተራ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ልጆቹ ያለ ክርክር እሷን መረጡ፤ ወንበሯም የቢሮውን የግድግዳ ሰዓት እንድታይ ከበሩ አጠገብ ሆነ። ሰዓቱ ሲደርስ ሻሿን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ትመታ ነበር። መስኩ ማዶ ይሰማል።

ያን ዓመት ረመዳን መጋቢት ላይ ዋለ። ከልጆቻችን አብዛኞቹ ይጾማሉ። ከሱሁር በኋላ ውሃ ያልቀመሰ ልጅ በቀትር ያንን አስፋልት ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት አንጀት ይበላል። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ጠዋት ቀደም ብለን እንግባ፣ ከየክፍለ ጊዜው ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እንቀንስ፣ ዕረፍቱንም እናሳጥር፣ ልጆቹ ፀሐይ ሳትበረታ ቤታቸው ይድረሱ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «ፕሮግራሙን ማን ይሠራዋል?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባለ ቀለም እስክሪብቶዎቼን አስቀድሜ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያቸው ነበር።

አዲሱ ሰዓት በሰልፍ ላይ ሲነገር ልጆቹ አጨበጨቡ። ዐቢይ ጾምም ከዚያው ጋር ስለገጠመ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ አጨበጨበ። የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር፤ ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ የዛፎቹ ጥላ ገና ረጅም ሆኖ መንገዱ ላይ ይደርስላቸው ነበር። ይህንንም ለመምህራን ሁሉ አስረዳሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ወንበሮች ባዶ መሆን ጀመሩ።

«ጾሙ ነው» አለ የታሪክ መምህሩ። «ሱሁር በልተው ተመልሰው ይተኛሉ። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዛው ነበርኩ።»

ሌሎቹ ተስማሙ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በየቀኑ የሚቀሩት ልጆች የተለያዩ ናቸው፤ ነገር ግን ሰኞ የቀረው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንትም ሰኞ ነው የሚቀረው፣ የማክሰኞውም ማክሰኞ። እንቅልፍ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም።

በዚያው ሰሞን የመውጫው ደወል ሐሙስ ሐሙስ መዘግየት ጀመረ። በሌላው ቀን አንድ ደቂቃ ዝንፍ የማትለው ልጅ ሐሙስ ሲሆን ዘንጉን ይዛ ከዛፉ ሥር ትቆማለች፤ አትመታም። ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ከክፍል ወጥቼ አጠገቧ ሄድኩ። ወደ ቢሮው ሰዓት አልነበረም የምታየው። ዓይኗ ከአጥሩ ባሻገር፣ መስኩ ላይ ነበር።

«ሰዓቱ አልፏል እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ?»

ቀልደኛው ልጅ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ከኋላዬ ደርሶ ነበር።

«ቲቸር፣ እሷ እኮ ለኛ አይደለም የምትደውለው» አለ። «ለሽንኩርቱ ነው።»

«አንተ፣ ዝም በል» አለችው።

«ምነው፣ ዋሸሁ? ጾመኞቹ እዚህ ቆመን ሽንኩርቷ እዚያ ትጠጣለች።»

እሷ ዘንጉን አነሳችና መታች። ልጆቹ ከየክፍሉ ወጡ። ግቢው ሲረጋጋ ሦስታችን ከዛፉ ሥር ቀረን፤ እሷም ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ የሚጠለፈው ውሃ በአንድ ዋና ቦይ ወደ መስኩ ይወርዳል። ገበሬዎቹ በተራ ይጠቀሙበታል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የታወቀ ቀንና የታወቀ ተራ አለው። ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ የሚከፍልላቸው አዛን ነው፤ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ አንዱ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል። ጠዋት ግን፣ ከንጋቱ ሱብሂ እስከ ቀትሩ ዙህር፣ አዛን የለም። ያንን ረጅም ጠዋት የሚከፍልላቸው የእኛ ቸርኬ ኖሯል። ከሱብሂ አዛን እስከ ዕረፍት ደወል አንድ ተራ፣ ከዕረፍት እስከ መውጫ ሁለተኛ ተራ፣ ከመውጫ እስከ አስር ሶላት ሦስተኛ ተራ። ቅዳሜና እሁድ ውሃው ቀኑን ሙሉ ለላይኛው መስክ ስለሚለቀቅ ደወል አያስፈልግም። ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ዝናብ አለ። ስለዚህ ለዓመታት ደወሉ ጎድሎባቸው አያውቅም፤ እኛም ለእነሱ እየደወልን መሆናችንን አናውቅም።

እኔ በባለ ቀለም እስክሪብቶ ደቂቃ ስቀንስ የቀነስኩት ከሒሳብና ከታሪክ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ከሰው ማሳ ላይ ውሃም እየቀነስኩ ነው።

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው።

ሁለቱም በመገረም አዩኝ።

«የምታውቁ መስሎን» አለች። «መምህራን አይደላችሁ?»

የእነሱ ተራ ሐሙስ ከዕረፍት እስከ መውጫ ነው። ማሳቸው ደግሞ የቦዩ ጫፍ ላይ ነው። ይህን ጫፍ የሚባል ነገር ላብራራው፤ ለቦዩ ራስ ቅርብ የሆነ ሰው ውሃው እንደተለቀቀለት ማሳው ውስጥ ይገባለታል፤ ጫፍ ላይ ላለ ሰው ግን ውሃው መጀመሪያ ያንን ሁሉ ደረቅ ቦይ እያጠጣ መሄድ አለበት። መንገዱ የሚወስደው ጊዜ ተራው ቢያጥርም አያጥርም። ስለዚህ ለሌላው ትንሽ የሆነችው ደቂቃ ለእነሱ የመጨረሻዎቹ ትልሞች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ትልሞች ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር።

ደወሉ ከተቀየረ ወዲህ ደግሞ መተማመን ጠፋ። አንዱ «ቀድሞ ተደወለ» ይላል፣ ሌላው «ዘግይቶ ነው» ይላል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ቤተሰብ በተራው ቀን ውሃውን የሚጠብቅ ልጅ ቦዩ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ባዶ የሆኑት ወንበሮቻችን እነዚህ ነበሩ።

«አንቺ ግን አልቀረሽም» አልኳት።

«እስካሁን አባቴን በደወሉ ሳግዘው ነበር» አለች ዘንጉን እያየች። «ከኛ ቀጥሎ ተራ ያላቸው ሰውዬ ነቅተዋል። ለርዕሰ መምህሩ እነግራለሁ ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ከሳቸው ላይ ነው የምወስደው። አባቴ እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ቦዩ ላይ ተቀመጪ ብሎኛል።»

«በየቀኑ?»

«ትርፍ ውሃ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም፣ ቲቸር። ሰው ቀድሞ ከጨረሰ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ነው የሚወስደው።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ሽንኩርቱ እስኪነሳ።»

ሽንኩርቱ ሲነሳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ክለሳም ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ብሔራዊ ፈተናው ብቻ ነው። ቀልደኛው ልጅ ቦርሳውን ከትከሻ ትከሻ አቀያየረ።

ቅዳሜ ከሷ ጋር ወደ መስኩ ወረድኩ። የገበሬዎቹን ተራ የሚመራ፣ ሲጣሉም የሚዳኝ ሰው የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባቱ በትሩን በትከሻው አጋድሞ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ከሰዎቹ ጋር ተቀምጧል። የልጅቷ አባትም፣ ያ ሦስተኛውን ተራ የሚወስደው ሰውዬም እዚያው ነበሩ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ደወሉ ለምን እንደተቀየረ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እንደዋዛ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ በየሰዉ ስልክ ላይ አለ። በሱ ለምን አትካፈሉም?»

ሁሉም ሳቁ። የውሃ አባቱ እስኪበቃቸው ጠበቀ።

«ሞክረነዋል፣ ልጄ» አለኝ። «ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው መጡ። የዚህኛው አልፏል ይላል፣ የዚያኛው ገና ነው ይላል። ይኼም በስልኩ ማለ፣ ያም በስልኩ ማለ። በኋላ አካፋ ተነሳ። እኔ መሀል ገብቼ ስገላግል አንደኛው ስልክ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ።»

«የቀረው ያንቱ ልጅ ስልክ ነው» አለ አንዱ ከጎን።

«አዎ፣ የሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ልጅ ሆኗል።»

ሦስተኛውን ተራ የሚወስደው ሰውዬ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ፣ «ደወል ደወል ነው» አለ። «ሲደወል ይዘጋል፣ ሲደወል ይከፈታል። አዲሱ ሰዓት እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አንተማ ምን ታጠፋለህ» አለው የልጅቷ አባት። «በዚህ ረመዳን ሳይጾም የዋለ ያንተ ቃሪያ ብቻ ነው።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ የቃሪያው ባለቤትም ፈገግ አለ፤ መፋቂያውን ግን አላቆመም። እኔ የቀድሞው ፕሮግራም እንዲመለስ ለርዕሰ መምህሩ እንደምናገር ቃል ልገባ ስል ልጅቷ ቀደመችኝ። ከአባቷ በስተኋላ ቆማ ነበር።

«ለምን?» አለች።

አባቷ ዞሮ አያት።

«ማለቴ፣ ልጆቹ በአዲሱ ሰዓት ፀሐይ ሳያገኛቸው ቤት እየገቡ ነው። ለምን ይመለሳል? አንድ ቸርኬ ለሁለት ነገር ስለተደወለ ነው ይኼ ሁሉ። ትምህርቱ በአዲሱ ሰዓት ይደወል። ውሃው በድሮው ሰዓት ለብቻው ይደወል። ሰዓቱ ያው የቢሮው ሰዓት ነው፣ አንድ ነው፤ የማንም ስልክ አይደለም።»

የውሃ አባቱ በበትሩ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ።

«የዕረፍቱን አንቺ ትደውያለሽ፣ እሺ። መውጫውስ? በድሮው ሰዓት እናንተ እቤታችሁ ናችሁ። ማን አለ እዚያ?»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ልጆቹ ከሄዱም በኋላ ከግቢ አልወጣም፤ ደብተር የማርመው እዚያው ነው።

«እኔ እደውላለሁ» አልኩ።

«መምህርት፣ የውሃ ደወል እንደ ትምህርት አይደለም» አለኝ። «ዛሬ ስብሰባ አለኝ አይባልም።»

«እደውላለሁ፣ ጋሼ።»

«ኢንሻአላህ በይ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

«አንቱ ካሉ እንሞክረዋለን» አለ አባቷ። ወደ ልጁም ዞሮ፣ «ሰኞ ትምህርትሽ ሂጂ። ሐሙስ ውሃው ካልደረሰን ግን ቦዩ ላይ ነሽ» አላት። ይህን ያለው በቁጣ አይደለም፤ ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነበር።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ሐሙስ ላይ ተንጠለጠለ። ርዕሰ መምህሩ፣ «ትምህርት ካልረበሸ» ብሎ ፈቀደ። ሰኞ ጠዋት የውሃው ደወል ከትምህርቱ እንዲለይ ሦስት ጊዜ ቀስ ተብሎ እንዲመታ ተስማማን። ልጅቷ በሂሳብ ትምህርት መሀል ወጥታ መታች። ሦስተኛው ምት ሳይሞት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በአንድ በር እየተገፋፉ ወጥተው ግቢውን ሞሉት። መልሰን ለማስገባት ብዙ ደከምን። ማክሰኞ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የትምህርቱን ዕረፍት ስንደውል አንዲት እናት ውሃዋን ዘግታ፣ ቆይቶ ነገሩ ሲገባት ዶማዋን እንደያዘች አጥሩ ጋ መጣች።

«እናንተ ሰዎች» አለች፣ «ትምህርታችሁን በሹክሹክታ አትደውሉም?»

መፍትሔው የመጣው ከቀልደኛው ልጅ ነው። አጎቱ ጀውሃ ላይ ጎሚስታ ነው። ረቡዕ ጠዋት ልጁ አንድ ያረጀ የከባድ መኪና ፍሬን ታምቡር በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ ለብቻው የተሳፋሪ ቦታ ይዞለት ነበር። ከሮቃው ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልነው። ቸርኬው ይጮሃል፤ ታምቡሩ ግን ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ ይመስላል። ማንም ሊያምታታቸው አይችልም።

ሐሙስ ልጅቷ ታምቡሩን መትታ ወደ ክፍል ተመለሰች፤ የማስተምረው ስለ ድምፅ ነበር፣ ሆን ብዬ ያንን ምዕራፍ አምጥቼዋለሁ። እሷ ግን ያን ቀን «ለምን?» አላለችም። ጆሮዋ መስኩ ላይ ነበር። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሰዓቱን ጠብቄ የመዝጊያውን እኔ መታሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንጉን ስይዝ ክብደቱ አስደነገጠኝ፤ እሷ ስትይዘው እንደ እስክሪብቶ ነበር የሚመስለው።

ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ አገኘኋት።

«ደረሰ?» አልኳት።

«መጨረሻው ትልም ድረስ» አለች። ቀጥላም፣ «አባቴ ግን የርስዎ ደወል ቀጭን ነው፣ ጆሮዬን ቀስሬ ነው የሰማሁት ብሏል» አለችኝ።

እዚህ ላይ ራሴን መከላከል አለብኝ። ጠዋት ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይቀዘቅዛል፤ ድምፅ ወደ ላይ ሲሄድ ተጎንብሶ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ስለዚህ ሩቅ ይሰማል። ቀትር ላይ ግን መሬቱ ሲግል ድምፁ ወደ ላይ ታጥፎ ይሄዳል። የኔ ደወል የቀትር ነው፤ የእሷ የጠዋት። ይህን በሰሌዳ ላይ በቀስት ሥዬ አስረዳኋቸው። ቀልደኛው ልጅ በጥሞና ሰምቶ፣ «ገባኝ ቲቸር፤ አየሩ ነው እንጂ እጅዎ አይደለም» አለ። ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በኃይል መምታት ለመድኩ።

ቦዩ ላይ የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ። ረመዳን ወጣ፣ ዒድ አለፈ፣ አዲሱ ሰዓት ግን ለሙቀቱ ሲባል እንዳለ ቆየ። ሽንኩርቱ ተነሳ። የልጅቷ አባት አንድ ጆንያ ሽንኩርት በባጃጅ ልኮልን የመምህራን ክፍሉ ለብዙ ቀን ሽንኩርት ሸተተ፤ የታሪክ መምህሩ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይኼ እንቅልፍ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር። ልጅቷ ክለሳውን ከአንድም ቀን ሳትጎድል ጨረሰች፤ ጥያቄዋም ተመልሶ ጓደኞቿ እንደገና «እባክሽ አስወጪን» ይሏት ጀመር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን የሚወስዱት ደጋ ወጥተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ ነው። አብዛኞቹ ብርድ አያውቁም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የክለሳ ጥያቄ ሳይሆን ይህን ነበር የሚጠይቁኝ።

«ቲቸር፣ ሲበርድ ምን ይደረጋል?»

«እንደዚህ ጥላ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው» አልኳቸው፤ «ግን በተቃራኒው። ፀሐይ ተከተሉ።»

«ፀሐይ ልንከተል?» አለ ቀልደኛው። «በፈቃደኝነት?»

ጃኬቴን ለልጅቷ ሰጠኋት። ለበሰችው፤ እጅጌው አጠረባት። ጓደኞቿ ዙሪያዋን ቆመው፣ «አሞሽ ነው?» እያሉ አበሸቋት።

የሄዱት ሐሙስ ነበር። ተማሪዎቹ ጀውሃ ተሰብስበው በአውቶቡስ ወደ ደጋ እንዲወጡ ተነገረ። የሌሎቹ ክፍሎች ፈተና አልቆ ግቢው ባዶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ገና አልገባም፣ በሽንኩርቱ ቦታ የተዘራው በቆሎ ውሃ ይፈልጋል። አባቷ ተራው ስለሆነ ሊሸኛት ጀውሃ አልሄደም። እሷም ከዋዜማው መጥታ፣ «ቲቸር፣ ነገ ሁለቱም ደወል የርስዎ ነው» ብላኝ ነበር። «የዕረፍቱን እንዳይረሱት።»

ሰዓቱን ይዤ ከሮቃው ሥር ቆምኩ። አጥራችን ቁጥቋጦ ስለሆነ አስፋልቱም መስኩም ከዛፉ ሥር ይታያሉ። አባቷ አካፋውን ይዞ ቦዩ ጋ ቆሟል። ሰዓቱ ደረሰ። አውቶቡሱ ግን አልታየም። ከጀውሃ ተነስቶ እንደሆነ፣ ከአስፋልቱ ጥምዝ ብቅ እስኪል ልጠብቅ ብዬ ዘንጉን እንደያዝኩ ቆየሁ። ከመታሁ አባቷ አጎንብሶ ውሃውን ይከፍታል፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ጀርባው ይሆናል። ሰዓቱ አለፈ። አባቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞሮ ግንባሩን በእጁ ከልሎ ተመለከተ።

ከዚያ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ልጆቹ በየመስኮቱ ተንጠልጥለው የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው ይመቱ ነበር፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ እያሉ። እሷን ያወቅኋት በጃኬቱ ነው፤ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ለመሰናበት እጇን የምታወዛውዝ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። እሷ ግን የእጅ አንጓዋን በጣቷ እየጠቆመች ነበር።

«ቲቸር፣ አልፏል!» አለች። «አባቴ እየጠበቀ ነው!»

ታምቡሩን መታሁ። ድምፁ ደርሶት ይሁን አውቶቡሱን አይቶ አላውቅም፤ አባቷ አካፋውን ወደ አስፋልቱ ከፍ አድርጎ ያዘ፣ አውቶቡሱ ወደ ሸዋ ሮቢት አቅጣጫ እስኪሰወር አላወረደውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ከፈተ።

የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ አልመታሁም። የቃሪያው ባለቤት ጥቂት ከጠበቀ በኋላ መፋቂያውን እንደያዘ አጥሩ ጋ ደረሰ።

«መምህርት፣ ዛሬ ዘገየ?»

«አዎ፣ ዘግይቷል።»

«በምን ያህል?»

«መክፈቻው በዘገየው ያህል» አልኩት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አውቶቡሱን ስጠብቅ ነው።»

ወደ አስፋልቱ አየ። መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ልጅቷም ሄደች?»

«ሄደች።»

«እንግዲያው ልክ ነው» አለና አጥሩን ተደግፎ ከኔ ጋር ጠበቀ። ሰዓቱ ሲሞላ መታሁት፤ የቀትር አየር ስለሆነ በሙሉ ኃይሌ።